ጸበል የሄደችው የካርቱን እናት

ይኼ ነው እንዴ? በስንት ፍለጋ ያገኘሁት፣ ልጅነቴን በሙሉ ሳመልከው የኖርሁት ጀግና ይኼ ነው? ቅዳሜ ጧት ሰባታሚት ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ፣ ከልጄ ጎን ሶፋ ላይ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ አየዋለሁ። ካባው እንደ ተሰጣ አንሶላ ይርገበገባል፤ እሱ ራሱ ግን ንቅንቅ አይልም። በረረ የሚባለው ሰማዩ ወደ ኋላ ስለሚሄድለት ነው። አንድ ሕንፃ አለፈ፤ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ሕንፃ መልሶ አለፈ፤ ደግሞ አለፈ። የሣለው ሰውዬ ሰንፎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል! በንዴት ጆሮዬ ጋለ።

ካርቱን የማይበት ቀንም አልነበረም። ያን ዕለት ሌሊት የሚስቴ እናት እንፍራንዝ ላይ ማረፋቸው በስልክ ተነግሮናል። ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሚስቴ ልጅቱ እንዳትነቃ አፏን በነጠላ አፍና ስታለቅስ ቆይታ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከወንድሟ ጋር ሄደች። ልጃችን ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ያሳደጓት እኒሁ አያቷ ናቸው፤ «እማማ» ስትላቸው አፏ ላይ ማር ያለ ነው የሚመስለው። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ እጄን ጨበጠችና «አደራህን፣ እኔ እስክመለስ እንዳትሰማ። አያትሽን ትንሽ አሟቸው ነው በላት። ልጅ ለቅሶ ቤት ምን ይሠራል? ብቻ ስቃ ትዋልልኝ» አለችኝ። እኔም እሺ አልሁ፤ ልጅቱ ስትነቃም እንደዚያው አልኋት። በእኛ አገር መርዶ ለትልቅ ሰው እንኳ በሽማግሌ፣ በዘዴ፣ በስንት መላ ነው የሚነገር። ለልጅማ ጭራሽ።

ስቃ ትዋል ስትለኝ ነው ካርቱኑ ትዝ ያለኝ። እኔን በልጅነቴ እንደሱ ያሳቀኝ ነገር አልነበረምና።

ያደግሁት እዚሁ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዓሣ የሚያሰግሩ፣ ጀልባ የሚሠሩ ሙስሊሞች ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ጅዳ ዘመዶቿ ዘንድ አድጋ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተመለሰች። እኔ ያኔ ሰባት ቢሆነኝ ነው። «እታለም» እያልሁ ነው የምጠራት፤ ዛሬም እታለም ናት። ስትመጣ ቴሌቪዥን፣ ዴክና አንዲት የካርቱን ካሴት ይዛ መጣች። ካርቱኑ የሚናገረው በዓረብኛ ነው። የሰፈሩ ልጅ ምንጣፉ ላይ ይኮለኮላል፤ እሷ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆማ ትተረጉምልናለች።

ትርጉም ስላችሁ ደግሞ! በእሷ አፍ የጀግናው እናት ታማ ሩቅ ደሴት ላይ ጸበል ገብታለች። እሱ የሚበረው እሷን ፍለጋ ነው። ሰው የሚደበድበውም አላሳልፍ ብለው መንገድ ስለዘጉበት ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። መጨረሻ ላይ ሐምራዊ ካባ የለበሰች ሴት ፊት ይንበረከካል። እታለም ያን ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናቱ ናት፤ ድና መጣች። እማዬ መርቂኝ እያላት ነው» ስትል፣ የመሪጌታው ልጅ፣ የአስጋሪው ልጅ ሳይባል ሁላችንም «አሜን!» እንላለን።

እኔማ ከሁሉ አብልጬ ነበር አሜን የምል። የእኔም እናት ጸበል ገብታ ነበራ! እንደዚያ ነው የተነገረኝ። ጀልባ በመጣ ቁጥር ሮጬ ወደብ እወርድ ነበር። መሞቷን ያወቅሁት በተዝካሯ ቀን ነው። በሬ ታርዶ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ እኔ ድግስ ነው ብዬ ስፈነጥዝ አንድ ልጅ «ለእናትህ እኮ ነው» አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ዳቦ ሻጯ ሳትቀር ታውቃለች፤ የማላውቀው እኔ ብቻ! ያ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። በካርቱኑ ግን ቂም አልያዝሁም። እንዲያውም ከዚያ ዘመን የተረፈችኝ መልካም ቀን፣ እታለም ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አስቀምጣ ያሳየችኝ ቀን ናት። ተምር በሳህን ሰጠችኝ፤ ካሴቱን ወደ ኋላ እየመለሰች ደጋግማ አሳየችኝ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የእንግሊዝኛውን ነው። እኔ መድኃኒት መደብር ነው የምሠራው፤ እንግሊዝኛዬ ብልቃጥ ላይ ከተጻፈው አያልፍም። ልጄ ግን እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው። መተርጎሙን ጀመርሁ።

«አሁን እናቱን ጸበል ሊወስዷት ነው» አልኋት።

«ጸበል የሚል የለም እኮ አባዬ።»

ቤት ሲቃጠል ታየ። አንድ ሕፃን ልጅ ደጅ ቆሞ ይጮኻል።

«ሞተች» አለች ልጄ።

«አልሞተችም፤ ወሰዷት።»

«ኧረ አባዬ! ራሱ እየተናገረ ነው እኮ። እናቴ ሞታለች፣ የገደሏትን እበቀላቸዋለሁ እያለ ነው።»

 ጀግናው ተነሥቶ ሰው መደብደብ ጀመረ። መንገድ የዘጋበት የለም፤ ዝም ብሎ ያገኘውን ይወቅጣል። ቆይታ ሐምራዊ ካባ ያላት ሴት ስትመጣ ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

«ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

«እናቱ ናታ! ድና መጥታ እየመረቀችው ነው» አልሁ በኩራት።

ልጄ በሳቅ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። «ጠንቋይ እኮ ናት! ቤቱን ያቃጠለችው እሷ ናት! አፍዝዛው ነው የተንበረከከላት!»

ጉድ በል! እኔ ዘመኔን ሁሉ አሜን ስላት የኖርሁት ገዳይቱን ነው ማለት ነው። እንዲህም ብሎ ጀግና፣ እንዲህም ብሎ ትርጉም! ልዘጋው ስል ልጄ «እንዳታጠፋው! አንተ ስትተረጉመው ያስቃል» ብላ እጄን ያዘች። ስቃ ትዋል አይደል የተባለው? አልዘጋሁትም። ሦስተኛው ክፍል ላይ በድንገት ዞር አለችና «እማማን ግን ምኗን ነው ያመማት? ልደውልላት?» አለችኝ። «ተኝተዋል» አልሁ። «ስትነቃ ትነግረኛለህ እሺ?» አለች። እሺ ብዬ አራተኛውን ከፈትሁላት።

ከምሳ በኋላ ግን አላስቻለኝም። ባጃጅ ይዘን እታለም ቤት ወረድን። ያው አሮጌው ግቢ ነው፤ ባሏ ጀልባ ይሠራል። ልጄን ከእታለም ልጆች ጋር ጀልባው ሲጠረብ እንድታይ ትቻት ወደ ውስጥ ገባሁ። እታለም የዓሣ መረብ እየጠገነች ነበር።

«እታለም፣ ተጫወትሽብኝ! ዓረብኛ አላውቅም ነበር በይኝና ይውጣልኝ» አልኋት፤ የሆነውንም ነገርኋት።

መጀመሪያ ሳቀች። «ዓረብኛማ ያኔ ከአማርኛ አስበልጬ ነበር የማውቀው» አለች። ከዚያ መረቡን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ያን ካሴት ካንተ በፊት ለማንም አላሳየሁትም ነበር። እናቴ ጠርታኝ ‘ይኼን ልጅ ከቤት እንዳታስወጭው፤ ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ አሥቂው’ አለችኝ። የነበረችኝ ያቺው ካሴት ብቻ ናት። ገና ከመክፈቴ የጀግናው እናት ሞተች። ወላሂ ልዘጋው እጄን ሰደድሁ። አንተ ደግሞ ቀና ብለህ ‘ምን አለ?’ አልኸኝ። ምን ልበልህ? ላንተ የተነገረህን ነገርሁህ፤ ጸበል ሄደች አልሁ። ከዚያ ወዲያ ለሌሎቹም ልጆች ልለውጠው አልቻልሁም።»

«የትኞቹ ሰዎች?» አልኋት። ገብቶኛል፤ ግን ጠየቅሁ።

«ቀባሪዎቹ ናቸዋ። ድምፁንም ከፍ ያደረግሁት ለቅሶው እንዳይሰማህ ነው።»

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እናቴን አፈር ሲያለብሷት እኔ ከአጥሩ ወዲህ ተምር እየበላሁ፣ መልሽልኝ እያልሁ እስቅ ነበር። ከልጅነቴ የተረፈችኝን አንዲት ቀንም ወሰዷት። «ማን ፈቀደላችሁ?» ብዬ ጮኽሁባት። «እናቴ እኮ ናት! አንድ ጊዜ ባለቅስላት ምን ትሆኑ ነበር?»

አልተቆጣችኝም። «አባትህ ናቸው እንዳይሰማ ያሉት። አዝነውልህ ነው» አለች። ቀጥላም ግራ ቀኝ አየችና «ሚስትህስ? ምነው ልጅቱን ብቻህን ይዘህ ወጣህ?» አለችኝ።

«እንፍራንዝ ናት። እናቷ ሌሊት አርፈው።»

«ኢና ሊላሂ! ልጅቱ ሰማች?»

«አልሰማችም።»

«ታዲያ ምን ስታደርግ ዋለች?»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «ካርቱን ስታይ» አልሁ። እታለም መረቧን አንሥታ መጠገኗን ቀጠለች፤ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ወጣሁ። ልጄ ከጀልባው የተጠረበ የእንጨት ፍቅፋቂ ጉያዋን ሙሉ ይዛ ወደ እኔ ሮጠች። ሐይቁ ዳር ወስጄ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋት። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም፤ በአባቴ፣ በሚስቴ፣ በራሴ። በሽማግሌ አይደለም፣ በዘዴ አይደለም፤ ዘዴውን ሁሉ ጠላሁት።

«እማማ ሞተዋል» አልኋት።

አየችኝ። የማስቃት መስሏት ትንሽ ጠበቀች። 

«መቼ?»

«ሌሊት።»

«ተቀበረች?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

እጄን ስባ ሰዓቴን አየች። ስምንት ተኩል አልፏል። «አሁን መኪና ይዘን ብንሄድ እንደርሳለን?»

«አንደርስም የኔ እናት። ሩቅ ነው።»

እንባዋ ወረደ፤ ግን አልጮኸችም። ጉያዋ ላይ ያለውን የእንጨት ፍቅፋቂ አራግፋ ቆመች።

«ጧት ካርቱኑን ሳትከፍተው ብትነግረኝ ኖሮስ?»

ለመዋሸት አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት።

«እንደርስ ነበር» አልኋት።