የበቅሎ ማመልከቻ

እግሬ የተሰበረው በነሐሴ አጋማሽ፣ አንዲት አራስ ጠይቄ ስመለስ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። የተመደብኩበት ቀበሌ በግሼ በኩል ነው፤ ግማሹ ገብስ የሚዘራበት ብርዳም ሜዳ፣ ግማሹ ከገደሉ ሥር ያለ ቆላ። ጤና ኬላችን ሜዳው ላይ ነበር። ታች ያሉትን ሕፃናት ለመከተብ፣ እርጉዞቹን ለማየት፣ መጸዳጃ ቤት መቆፈሩን ለማረጋገጥ በገደሉ ወገብ በምትጠማዘዝ ቀጭን መንገድ መውረድ ግድ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ችግር ወጥቼ ወርጄባታለሁ። ያን ቀን ግን ጭጋግ ነበር፤ ድንጋዩ ረጥቦ አዳለጠኝና ቁልቁል ተንከባልዬ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ተሰክቼ ቀረሁ።

ሰዎች በበግ ጠጉር ባና ጠቅልለው በቃሬዛ አወጡኝ። መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ስለነበር መኪና እስኪገኝ ቀናት አለፉ። እስከዚያው አንድ ወጌሻ ጉልበቴን አሽተው በእንጨት ጠፍረው አሰሩልኝ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና «ዘግይቷል» አለ። ከወራት በኋላ ቆሜ መሄድ ስጀምር ቀኝ እግሬ አጥሮ፣ ጉልበቴም አልታጠፍ ብሎ ነበር። ገና ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር።

የሕመም ፈቃዴ ሲያልቅ ከዘራ ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ በትውልድ አገራችን በቀየት ያለውን መሬታችንን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደግ ነበረች።

«አንቺ ሜዳውን ያዢ፤ ቆላውን እኔ እወርዳለሁ» አለችኝ።

ጥቂት ወራት እንዲሁ ሠራን። ነገር ግን ዕቅድ የሚሰጠው በየስማችን ነው፤ ይህን ያህል ቤት ለእሷ፣ ይህን ያህል ቤት ለእኔ ተብሎ። እሷ የራሷን ጨርሳ የእኔን ልትደርስልኝ አልቻለችም። ቅጼ ላይ የቆላው ቤቶች ባዶ ሆነው ቀሩ።

የግምገማው ቀን ወረዳው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ ነበር። ቅጼን አነሣና ለሰው ሁሉ አሳየ።

«ይህ ባዶ ቦታ ምንድን ነው?»

«እግሬ ገደሉን አያስወርደኝም» አልኩ።

«እግር ሁላችንም አለን። የአንቺ ችግር የአመለካከት ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎቹ አቀርቅረው ደብተራቸውን ያዩ ነበር። ያቺ ቆላውን የምትወርድልኝ ጓደኛዬ እጇን አውጥታ ልትናገር ስትል «ተራሽ አይደለም» ተባለች። ውጤቴ ዝቅተኛ ተብሎ ተመዘገበ። ዝቅተኛ ውጤት የደገመ ሠራተኛ እንደሚሰናበት ሁላችንም እናውቃለን።

ስወጣ መዝገብ ቤት የሚሠሩት ሰውዬ ጠሩኝ። ወታደር ሳሉ ግራ እጃቸውን ሰሜን ጦር ሜዳ ላይ ያጡ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉና ከመደርደሪያው ሥር ከተቆለለው ወረቀት አንድ ነጋሪት ጋዜጣ መዘዙ። «ስለ አካል ጉዳተኞች ሥራ አዋጅ ወጥቷል። እዚህ ከተቀመጠ ቆየ፤ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። መሥሪያ ቤቱ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው የሥራ ሁኔታውን ማመቻቸት፣ ለሥራው የሚያስፈልገውንም መሣሪያ ማቅረብ እንዳለበት ይላል። እኔን ግን መጀመሪያ የመታኝ ሌላው አልነበረም፤ አካል ጉዳተኛ የሚለው ቃል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በየስብሰባው ስለ ሌላ ሰው የምናገረው ቃል ነበር።

«አንቺ ሥራሽን ለመሥራት ምን ያስፈልግሻል?» አሉኝ።

«በቅሎ» አልኩ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «እንግዲያው በቅሎ ብለሽ ጻፊ» አሉና ወረቀት ሰጡኝ። በቅሎ እንዲቀርብልኝ፣ ካልተቻለም ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ ባለው ክፍት ቦታ እንድዛወር አመለከትኩ። እሳቸው የገቢ ማኅተም መቱበት፤ ግልባጩን ማኅደሬ ውስጥ አስቀመጡ።

ኃላፊው ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«በቅሎ? በንብረት ዝርዝራችን ውስጥ በቅሎ የሚባል ነገር የለም።»

«ለሱፐርቫይዘሮቹ ሞተር ብስክሌት ተሰጥቷቸው የለም እንዴ?»

«ሞተር ዝርዝሩ ውስጥ አለ።»

«እሺ ጌታዬ፣ ካርድ ክፍል ያዛውሩኝ።»

«ለዝውውር የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል። ተጎዳሁ ማለት ማንም ይላል።»

ይህን ሲለኝ ከዘራዬን ተደግፌ ፊቱ ቆሜ ነበር። ተቀመጪ አላለኝም።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ሄድኩ። የማይታጠፈውን እግሬን መተላለፊያው ላይ ዘርግቼ፣ የወጣ የገባው ሁሉ እየመታው፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው የደረስኩት። ቦርዱ ፊት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አስኬዱኝ። ጉዳቱ ቋሚ ነው፣ ቀላል ሥራ መሥራት ትችላለች ብለው ጻፉልኝ። ደስ አለኝ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከደረቴ ሳላወጣ ተመለስኩ።

ኃላፊው አነበበና መለሰልኝ።

«ትችላለች ይላል። ከቻልሽ ሥሪ።»

«ቀላል ሥራ ነው የሚለው።»

«የአንቺ መደብ ቀላልና ከባድ ተብሎ አልተከፈለም። አትችልም ብለው ቢጽፉልሽ ደግሞ በጤና ምክንያት አሰናብትሽ ነበር።»

«ጡረታስ?»

«አገልግሎትሽ ለጡረታ አይበቃም።»

እንግዲህ ከቻልኩ ገደሉን እወርዳለሁ፤ ካልቻልኩ ቤቴ እገባለሁ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ መርፌ መውጋት፣ መጻፍ፣ መምከር እችላለሁ፤ ገደል መውረድ አልችልም። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆን ቅጽ አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ መውረድ ጀመርኩ። ከዘራውን በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ የክትባት ሳጥኑን በጎኔ ይዤ፣ ቀጥ ባለው ቦታ በቂጤ እየተንፏቀቅሁ። እናቴ ከአፋፉ ላይ ሆና ከዓይኗ እስክሰወር ቆማ ትጸልይልኝ ነበር። ጉልበቴ እያበጠ ሦስት ቀን ያስተኛኝ ጀመር።

በኅዳር፣ የገብስ አጨዳ ሲያበቃ፣ ከቆላው አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ምጥ ላይ ናት፤ ደም ፈሷታል። ጓደኛዬ ለሥልጠና መሐል ሜዳ ሄዳለች።

«ሐኪሟ፣ ድረሽልኝ!» አለኝ።

አብሬው ወጣሁ። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ጀርባውን ሰጠኝ። «ጀርባዬ ላይ ውጪ» አለና አዝሎኝ ጥቂት ወረደ። እግሩ ሲንሸራተት ሁለታችንም ወደ ገደሉ ልንወድቅ ሆነ። «አውርደኝና አንተ ሩጥ። ቃሬዛ አሠራላት» አልኩት። እሱ ወረደ፤ እኔ ብቻዬን እየተንፏቀቅሁ ቀረሁ። እጄ ተላጠ። የጎጆውን ጣሪያ ከላይ ሆኜ አየው ነበር፤ ግን አልደርስበትም።

ስገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሕፃኑ ተወልዶ ሞቶ ነበር። ሴትየዋ ገና ትደማለች። ማሕፀኗን አሽቼ፣ መድኃኒት ሰጥቼ ደሙ ጋብ ሲልላት በቃሬዛ አስወጣናት፤ ተረፈች። የባሏ እናት ጨርቅ እየሰበሰቡ «ምነው ልጄ፣ ትንሽ ቀደም ብትዪ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

እህል አልበላ አልኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ «ይብቃሽ ልጄ፤ ወደ ቀየት እንመለስ። የበግ ጠጉር ፈትዬም ቢሆን እናድራለን» አለችኝ።

በቀጣዩ ግምገማ የሕፃኑ ሞት በእኔ ስም ተነሣ። ኃላፊው «በሰዓቱ አልደረሰችም» አለ። ከዘራዬን ተደግፌ ተነሣሁ።

«አዎ አልደረስኩም። በቂጤ ነው የሄድኩት። በቅሎ ጠይቄ ነበር፤ ካርድ ክፍል አዛውሩኝና በእኔ ቦታ እግር ያላትን መድቡ ብዬም ነበር። ማመልከቻው እርስዎ ዘንድ ነው።»

በሚቀጥለው ሳምንት የስንብት ደብዳቤዬ ደረሰኝ።

የመዝገብ ቤቱ ሰው የማመልከቻዬን፣ የቦርዱን ወረቀትና የግምገማዬን ግልባጭ ሁሉ አዘጋጅተው በፖስታ ሰጡኝ። «ይግባኝ በይ፤ ቀኑ እንዳያልፍብሽ» አሉኝ። ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ አልኩ። ቀጠሮው እየተራዘመ ከዓመት በላይ ፈጀ። ያን ጊዜ ሁሉ ቀየት ነበርኩ። እናቴ እንዳለችው ጠጉር ትፈትላለች፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እቀመጣለሁ። ጎረቤት ሲመጣ ተኝታለች በይ እላታለሁ። ስንቱን ጧት ባልነጋ ብያለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ መሄድ ተውኩ፤ የሞተውን ሕፃን የማስብበት ቦታ ሆነብኝ።

በመጨረሻ ስንብቱ ተሽሮ በሚመቻት መደብ ትመደብ ተባለ። ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ገባሁ። ደብዳቤውን ሳነብላት እናቴ እልል አለች፤ ቀና ብላ አየችኝና «ደስ አላለሽም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ብሎኛል» አልኳት። ውሸቴን ነበር።

በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ወደ ቀበሌው ተመደበች፤ ጤነኛ እግር አላት። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ካርድ እጽፋለሁ፤ ሥራዬንም በደንብ እሠራለሁ፤ ዝቅተኛ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ነፍሰ ጡር ፊቴ ስትቆም ግን ከየት ቀበሌ እንደመጣች ከመጠየቄ በፊት እጄ ይቆማል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰዎች ይቆጣሉ፤ ከዚያ እጠይቃታለሁ።