የሚረሳው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ሲከፈት የምትሰማው ያቺ «ጢጥ» የምትል ድምፅ ዛሬም ልጅነቴን ታስታውሰኛለች። ልጅ ሳለሁ እናቴ መተማ ዮሐንስ ላይ የጽሕፈት ሱቅ ነበራት፣ አሮጌው ኮምፒውተሯም ጠዋት ሲከፈት እንዲህ ጮኾ፣ እኔ ገና ያልተወለድኩበትን ዓመት እያሳየ ይጠብቀን ነበር።

ብዙ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ያድር ነበር፤ መብራት በሌለበት ሰዓቱን የምትቆጥርለት፣ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ሞታ ነበር። ስለዚህ እናቴ ስልኳን እያየች ቀኑንም ሰዓቱንም በየጠዋቱ እንደ አዲስ ትሞላለት ነበር። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ አባቴ በየቀኑ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ ጋላባት ሲነግድ ይውላል፣ ኬላው በእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይዘጋል፣ የሱዳን ሰዓት ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር እንዳይምታታበት የሚተማመነው በእናቴ ጥሪ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ሲል ትደውልና «የሐያት አባት፣ ኧረ ተነስ!» ትለዋለች፣ እሱም «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። ሐያት እኔ ነኝ፤ ነጭ ጀለቢያው ድልድዩ ላይ እስኪታየኝ ድረስ እራት አልቀምስም ነበር።

ሰሊጥ በሚታጨድበት በጥቅምት ድንበሩ ላይ ተኩስ ይሰማ ጀመር። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት የእናቴ ስልክ ሳናውቅ የማዶውን ኔትወርክ ይዞ፣ ሰዓቱንም የሱዳን አድርጎት ኖሯል፤ እሷም እሱኑ ኮምፒውተሩ ላይ ሞላችው። አመሻሽ ላይ ኮምፒውተሩ አሥራ አንድ ሲል ደወለች፣ አባቴ «መጣሁ» አለ፣ እሷም ወደ ጽሕፈቷ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ፀሐይ ጠልቃለች ማለት ነው። «ያ አላህ! አሁን አሥራ አንድ አልነበር እንዴ?» አለችና ስልኳን አነሳች። ብትደውል ስልኩ አይሠራም። ሮጠን ስንደርስ ኬላው ተዘግቷል። አባቴን ዳግመኛ የማላየው መስሎኝ እጅግ ፈራሁ።

በማግስቱ ኬላው ሲከፈት መጣ። እናቴ እያለቀሰች ስትቆጣው፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ መቅረቱ ገብቶት ኖሮ ከጀለቢያው ኪስ አንዲት ባትሪ አወጣና «እንቺ፣ ለዚያ ለሚረሳው» አላት። ባትሪዋን ቀይራ ሰዓቱን ከሬዲዮ ሰምታ ሞላችው፤ ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱ ሳይዛነፍ ይሄድ ነበር።

ዛሬ ገንዳ ውሃ ከተማ በምሠራበት ቢሮ ኮምፒውተሮቹ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ማንም አይጨነቅላቸውም። አባቴም ድልድዩን መሻገር ከተወ ቆይቷል፤ የእናቴ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። እናቴ ግን አሥራ አንድ ሲሆን ዛሬም ትደውልለታለች፤ ስልኩ እዚያው አጠገቧ ይጮኻል፣ እሱም አንስቶ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላታል።