በደማም በኩል የሄደው ወረቀት

ባለፈው አርብ እዚህ ዐረብ አገር፣ ደማም አጠገብ፣ ራካ ላይ በምንሰበሰብበት ቤት ጸሎት አልቆ ምሳ ስንበላ፣ ከልጆቹ አንዷ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ምግቡን ረሳችው። እዚሁ ቁጭ ብላ የውጭ ትምህርት ጀምራ ኖሮ የቤት ሥራው አልደርስ ብሏታል። ሌሎቹ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። "እማማ፣ የእርስዎ ልጅ እኮ እንዲህ ተምራ ነው የጨረሰችው። እስቲ ይንገሯት" አሉ። ነገርኳት። ስጨርስ ደግሞ "ይጻፉት" አሉኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በትልቅነቴ፣ ከመዝሙር ደብተር ላይ ነው። የጎደለ ነገር ካያችሁ ራሳችሁ ሙሉበት።

ልጄ ሆሳዕና ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን የተማረችው ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ውጭ አገር ሄዳ ግን አይደለም። መጀመሪያ በስልክ ስትነግረኝ "መቼ ነው የምትሄጂው?" አልኳት።

"አልሄድም" አለች።

"እነሱ ናቸው የሚመጡት?"

"እነሱም አይመጡም፣ እማዬ።"

"ታዲያ የት ልትገናኙ ነው?"

"በኢንተርኔት።"

እኔም የልጅ ልጄን የማገኘው እዚያው ስለነበር አልፈረድኩባትም።

ሦስት ዓመት ተማረች። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ታነባለች፣ መሀል ላይ ወለደች። የመጨረሻው ወረቀት እናቶች ከወለዱ በኋላ ለምን ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሰው እንደማይመጡ የሚጠይቅ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ጭቃውን እየረገጠች ቤት ለቤት ዞራ ሴቶቹን ጠየቀች። ዩኒቨርሲቲው ባሕር ማዶ፣ ጥያቄው የእኛ ጓሮ። እዚያው ጓሯችን ለመድረስ ያን ያህል መዞሩ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እሷ ግን ገብቷታል።

ወረቀቱን የምታስረክብበት ቀን አንዴ አልፏታል። አራስ ነበረች። ሌላ ቀን ሰጧትና ይህም ካለፈ ከመዝገብ እንደምትሰረዝ ጻፉላት። የሦስት ዓመት ልፋት ማለት ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በዚያው ሳምንት አገር ቤት ኢንተርኔት ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ አላውቅም። ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ለእኛ የሚነግረን የለም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሚስኮል አደረገችልኝ። መልሼ ደወልኩ፤ ተራው ስልክ ይሠራ ነበር።

"እማዬ፣ አለቀልኝ።"

"ወረቀቱ?"

"ወረቀቱማ አልቋል። እዚህ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል። መላኪያ የለኝም።"

"አዲስ አበባስ?"

"እዚያም ዝግ ነው።"

ከኋላዋ ሕፃኑ ይነጫነጫል።

"አንብቢልኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ወረቀቱን። አንቺ ከዚያ ታነቢያለሽ፣ እዚህ ይጻፋል፣ ከዚህ ይላካል። እዚህ ኢንተርኔት ሞልቷል።"

"እማዬ፣ ሰላሳ ገጽ ነው እኮ! በእንግሊዝኛ ነው!"

"እኔ እጽፋለሁ መቼ አልኩሽ?"

ማን እንደሚጽፍ ግን አላውቅም ነበር። ከኅብረታችን እንግሊዝኛ የሚችሉት ልጆች አንዱ ኢንዱስትሪ ከተማው ውስጥ ነው የሚሠራው፣ በሠርቪስ ወጥቶ በሠርቪስ ሲመለስ ቀኑ አልቋል። ሌላዋ ሆስፒታል ናት፣ ስልክ አታነሳም። ዞሬ ዞሬ የቀሩት ማዳም ናቸው።

ማዳም ሴቶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ደማም፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር ባለው ቤታቸው ለሥራ ከገባሁ ያኔ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ክፉ አይደሉም። ብቻ ጋዜጣ እንኳን ሲያነቡ ቀይ እስክሪብቶ ይይዛሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእረፍት ፈቃድ በቀር አንድ ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም። ስጠየቅ እመልሳለሁ፤ የለመድነው እንዲያ ነው። የዚያን ቀን ኩሽና በር ላይ ቆምኩ።

"ማዳም፣ ሙሽኪላ አለ" አልኩ፤ ችግር አለ ማለቴ ነው።

"የውሃ ማሞቂያው ነው?"

"አይ፣ ዩኒቨርሲቲው ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "የማን ዩኒቨርሲቲ?"

"ልጄ የምትማርበት።"

ነገሩን በማውቃት ዐረብኛ አስረዳኋቸው። የጤና ጣቢያውን ነገር ስጨምርበት ግራ ስለተጋቡ እንደገና ጀመርኩ። ሲገባቸው "እስከ መቼ?" አሉ።

"ሐሙስ፣ በእናንተ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት።"

"ዛሬ ማክሰኞ ነው። ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ? ደውዪ!"

መጀመሪያ ኢሜይሏን እንሞክር አሉ፤ ተጽፎ ካለቀ በኋላ አልከፈት ቢል ከንቱ ልፋት ነው ብለው። ልጄ የይለፍ ቃሏን ፊደል በፊደል ነገረቻቸው። ማዳም ከፈቱት፣ ጥቂት ቆይተው "ታማም፣ ይሠራል" አሉና ዘጉት። ከዚያ ወደ ሥራው ገባን።

ስልኩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀመጥነው፣ ድምፁ እንዲጎላ። እሳቸው ከጠረጴዛው ወዲያ ኮምፒውተራቸውን ዘርግተው ይጽፋሉ፣ እኔ ወዲህ ሩዝ በወይን ቅጠል እጠቀልላለሁ፣ ልጄ ከሆሳዕና ታነባለች። የወይን ቅጠል ለብቻ ሲጠቀልሉት አሰልቺ ነገር ነው። በዚያን ዕለት ግን ድስቱ መቼ እንደሞላ አላወቅኩም።

ብዙም ሳይቆዩ በእንግሊዝኛ መጨቃጨቅ ጀመሩ። ከሚሉት የሚገባኝ "ፕሊዝ" እና "ኖ" ብቻ ነበር። "ፕሊዝ" የምትለው ልጄ ናት፣ "ኖ" የሚሉት ማዳም። መሀል ላይ ልጄ በአማርኛ ጣልቃ ትገባለች።

"እማዬ፣ እኚህ ሴትዮ ዓረፍተ ነገሬን ሁሉ እየቆራረጡት ነው!"

"ይቁረጡት፤ እጃቸው ላይ ነሽ።"

"አስተማሪዬ ያጸደቀውን እኮ ነው!"

ማዳም ቀና ብለው "ምን አለች?" ይሉኛል።

"አላህ ይስጥልኝ አለች።"

ረቡዕ ዕለት ልጄም "ኖ" ማለት ጀመረች። ደስ አለኝ። ማዳምም የተከፉ አይመስሉም ነበር፤ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። መስመሩ ሲቋረጥ እደውላለሁ፣ ካርድ ሲያልቅ እሞላለሁ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ማዳም እጃቸውን ያነሱና "አጥቢው በያት" ይላሉ። እያጠባች ታነባለች። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ማዳም ይነሳሉ፣ እኔም ከምድጃው አጠገብ ቆሜ በልቤ ጌታን እለምናለሁ፣ ልጄም ከዚያ ማዶ እንዲሁ። ከዚያ ሁላችንም ተመልሰን እንቀጥላለን። ረቡዕ ሲመሽ ስምንት ገጽ ቀረ።

ሐሙስ ግን ማዳም ከቤት የማይቀሩበት ቀን ሆነ። አጠገባችን ኾበር ከተማ የሚኖሩ እህት አሏቸው፤ የእሳቸው ልጅ ወልዳ አርባ ቀኗን እናቷ ቤት ታሳልፍ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ የተጠራው ለዚያ ቀን ምሳ ነው። እኔ ወረቀቱ ቀረ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ፣ ማዳም ዓባያቸውን እየለበሱ "ኮምፒውተሩን ያዢው፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ" አሉኝ።

መኪና ውስጥ እሳቸው ኮምፒውተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እኔ ስልኩን ጆሯቸው ሥር ይዤ ሄድን። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን ምንም አልጠየቀም። ከአል ሙሐመዲያ ተነስተን ራካን አልፈን ኾበር እስክንገባ ሁለት ገጽ ወጣ። ሁልጊዜ በዚያ መንገድ ስናልፍ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ በዓይኔ እፈልጋለሁ። ያን ቀን አልፈለግኩም።

እህትየው ቤት ከሴቶቹ ሳሎን ጎን ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። እህትየው የዱባ ፍሬ በሳህን ይዘው ገቡ።

"ምንድን ነው ይሄ? ፈተና ላይ ነሽ?"

"ዝም በይ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው" አሉ ማዳም ሳይዞሩ።

እህትየው ከመውጣት ይልቅ ተቀመጡ፤ ፍሬውን እየፈለፈሉ ማዳመጥ ጀመሩ። እሳቸውም እንግሊዝኛ ይችሉ ኖሯል። ገጾቹ እያነሱ ሄዱ። ሁለት ሲቀር የማዳም ጣቶች ቆሙ። ሰዓቱን አየሁ፤ ለዘጠኝ ሃምሳ ደቂቃ ይጎድል ነበር።

ማዳም በዐረብኛ "ልጅሽ እናቶቹ የማይመጡት አማቶቻቸው ስለሚከለክሏቸው ነው ትላለች" አሉኝ። "ይህን አልጽፍም።"

"ስድብ ነው" አሉ እህትየው። "አማት ትመክራለች እንጂ መቼ ትከለክላለች?"

ሁለቱም ለልጆቻቸው ሚስቶች አማት ናቸው።

"እማዬ፣ ምን ሆኑ? ለምን ቆሙ?" አለች ልጄ ከስልኩ ውስጥ።

ስልኩን በእጄ ያዝኩ። ማዳም ሁለት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ለስድስት ዓመት አብሬያቸው ስለኖርኩ እጃቸውን ሲያጣጥፉ ነገሩ እንዳለቀ አውቃለሁ። ምን እንደምል አላሰብኩም። ዐረብኛዬም ለእንዲህ ያለ ነገር አልተዘጋጀም።

"ማዳም፣ እኔ ከልክያለሁ" አልኩ።

አዩኝ።

"የልጄ ሚስት ወለደች። ነርሷ መጥታ በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ትምጣ አለች። እኔ ማፊ፣ የለም አልኩ። እኔ ስድስት ልጅ ቤቴ መሬት ላይ ወልጄ ተነስቻለሁ፣ አራስ ንፋስ ላይ አትወጣም አልኩ። ልጅቷ ደም ይፈሰኛል አለችኝ። ለሁሉም ይፈሳል አልኳት። በአምስተኛው ቀን በቃሬዛ ወጣች። ሆስፒታል ማህፀኗን አወጡት። ልጁም እሷም ተረፉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልወለደችም። መካሪ ነበርኩ፣ ማዳም። ክፉ አልነበርኩም።"

ይህን ሁሉ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ በጸሎት እንኳን ዙሪያውን ነው የምሄደው። የዱባው ፍሬ መፈልፈል ቆመ። ከሳሎኑ የአራሷ ሕፃን ድምፅ ይሰማል።

"አሁን ታናግርሻለች?" አሉ ማዳም።

"በየሳምንቱ ትደውላለች። ደኅና ነሽ ወይ እማ፣ ትለኛለች።"

ልጄ ዐረብኛ አይገባትም። "እማዬ፣ ምንድን ነው የምትዪያቸው?" አለች።

"ስለ ሻይ ነው" አልኳት።

ማዳም እጃቸውን ፈቱ። "ኸላስ፣ በቃ። ከአማቶቹ ትቀጥል በያት" አሉ። እህትየውም ተነስተው በሩን ዘጉልን።

ተጽፎ ሲያልቅ ስምንት ደቂቃ ቀረ። ወረቀቱ አልሄድ አለ፤ ትንሿ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ማዳም በሩን ብርግድ አድርገው ሳሎን ላለው ሰው ሁሉ "ስልካችሁን ዝጉ፣ ኢንተርኔቱን ትሻሙናላችሁ! ሁላችሁም! ልጆቹም!" ብለው ጮኹ። አስተማሪ ነበሩና ያ ሁሉ ሰው ዘጋ። ከእንግዶቹ መሀል ያስተማሯቸው ሴቶች ነበሩ፤ እነሱ እንደውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙ። ቤቱ ጸጥ ሲል ክቧ ቆመች። ሄደ። አራት ደቂቃ ቀርቶን ነበር።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። ማዳም ለተቀመጠው ሁሉ "ዛሬ አስረከብን" እያሉ አወሩ። እኔ ኩሽና ገብቼ ከዚያ ቤት ሠራተኞች ጋር ሳህን አጠብኩ።

ልጄ አለፈች። ዲግሪዋ በኢሜይል መጣ፤ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በቀለም አሳትማ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ውጤቱን ለማዳም ስነግራቸው "ጥሩ አግኝተናል" አሉ። እኔም ከዚያ ሐሙስ ወዲህ በየአርቡ ራካ ላይ ስማቸውን እያነሣሁ እጸልያለሁ፤ ሙስሊም ናቸው ብሎ የተቃወመኝ የለም።

አምና ለእረፍት ሆሳዕና ገባሁ። ጎረቤት ተሰብስቦ ይህንኑ ስተርክ፣ አራት ደቂቃው ላይ ስደርስ፣ ልጄ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሰው ሲሄድ "ምን ሆንሽ?" አልኳት። ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። እስከዚያ ድረስ ደስታዬን ላለማበላሸት ነው ዝም ያለችው። ያኔ ኢንተርኔቱ ተከፍቶ ኢሜይሏን ስታይ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ደብዳቤ ጠብቋታል። የመጣው ሰኞ ነው፣ እኛ ከመጀመራችን በፊት። በአገራችሁ ኢንተርኔት መዘጋቱን ሰምተናልና ሦስት ሳምንት ጨምረንልሻል ይላል። ደብዳቤው ተከፍቶ ተነቧል። ከሥሩም ማክሰኞ ዕለት፣ ማዳም ኢሜይሉን በሞከሩበት ሰዓት፣ በልጄ ስም የተላከ አጭር መልስ አለ፦ "ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሐሙስ አስረክባለሁ።"