አባዬ፣ አይቁሙ!

ቤቴ ካለው የፎቶ ክምር ውስጥ እንግዳ ሁሉ የሚስቅበት የአባቴ ነው። ሁሉም የተነሱት በጥር መርቆሬዎስ፣ ደብረ ታቦር፣ የጉግስ ሜዳ ላይ ነው፤ ዓመቱ ይለያያል እንጂ ፎቶው ያው ነው። ዳማው ፈረስ ልጓሙ ተስቦ ቀጥ ብሏል። አባዬ ኮርቻው ላይ ተስተካክለው፣ በርኖሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው፣ ካሜራዬን ትክ ብለው ያያሉ። ከኋላቸው ሌላው ፈረሰኛ አቧራ እያስነሳ ይከንፋል። "እኒህ ሰውዬ ፈረሱን ሊሸጡት ነው እንዴ?" ያለኝም አለ። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ አባቴ ሽምጥ ሲጋልቡ የሚያሳይ ፎቶ። አንድ ብቻ። እሱን ነው እምቢ ያሉኝ።

ነገሩ የጀመረው ዓረብ አገር ነው። ጅዳ የሰው ቤት ስሠራ፣ ልብስ እየተኮስሁ ስለ አገሬ አስባለሁ። ታዲያ የሚመጣብኝ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ሜዳው ዳር ቆመን፣ የፈረሱ ኮቴ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው በእግሬ ሲሰማኝ፣ አባዬ ጋሻቸውን ጀርባቸው ላይ ጥለው በአጠገባችን ሽው ሲሉ። ያቺን ነገር እየደጋገምሁ ሳያት ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ታዲያ ፈረሱ ታየኝ፣ በርኖሱ ታየኝ፣ የአባዬ ፊት ግን ጠፋብኝ። እንዴት እንደደነገጥሁ! ካውያውን ልብሱ ላይ ረስቼው የማዳሜን ቀሚስ አቃጠልሁት። የጮኸችብኝ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ግን ያስለቀሰኝ እሷ አልነበረችም።

ልመጣ ስል የማዳሜ ልጅ ካሜራው ሰልችቶት ሊጥለው ነበር፤ "ለእኔ ስጠኝ" ብዬ ወሰድሁት። ዘመድ አዝማድ ወርቅ ይዛ መጣች ብሎ ሻንጣዬ ሲከፈት ከብቦ ቆሞ፣ ከመሃል ካሜራ ሲወጣ ያሳየውን ፊት ያኔውኑ ባነሳው ደግ ነበር። አባዬ ብቻ ካሜራውን አገላብጠው አዩና "ከባድ ነው፣ አንገትሽን እንዳያምሽ" አሉኝ።

ደብረ ታቦር ከተማ ሱቅ ከፈትሁ፤ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። በዓል ሲሆን፣ ኳስ ሲኖር፣ ሙሽራ ሲያልፍ፣ በሩን ዘግቼ ካሜራዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። እንጀራዬ አይደለም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። "ይቺ ልጅ ዓረብ አገር ምን አስነክተዋት መጣች?" ይባል ነበር። ይባል! እኔ ጆሮ አልሰጠሁም።

ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። የእኛ አገር ሰው ካሜራ ካየ ይቆማል። ፎቶ መነሳት ማለት መቆም ነው፤ ልብስ ማስተካከል፣ ፊትን ኮስተር ማድረግ፣ እጅን ግራና ቀኝ ቀጥ ማድረግ። ቡሄ ላይ ጅራፍ የሚያጮኸውን ጎረምሳ ላነሳ ስጠጋ፣ ጅራፉን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ወሽቆ "እሽ፣ አንሽኝ" ይለኛል። ሠርግ ላይ እስክስታው ደርቶ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ ካሜራዬን ከፍ ሳደርግ ሁሉም ጸጥ! ከበሮ መቺዋ ሳትቀር ከበሮዋን መሬት አስቀምጣ ነጠላዋን ታጣፋለች። ኳስ ሜዳ ላይማ አንዱ በረኛ ካሜራዬን አይቶ ማልያውን ወደ ሱሪው ሲከት ጎል ገባበት። የሰፈሩ ልጆች ሊበሉኝ ነበር። "ኧረ እኔ የምፈልገው እየተጫወታችሁ ነው!" ስላቸው፣ "እንዴ፣ ሳንዘጋጅ?" ይሉኛል። ለእነሱ ሰውን ሳይዘጋጅ ማንሳት በሩን ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው። እየዋልሁ እያደርሁ ለመድሁት፤ ስቄ አልፈዋለሁ። የአባቴን ግን መልመድ አልቻልሁም።

የመጀመሪያው መርቆሬዎስ ትዝ ይለኛል። አባዬ ከጉና ተራራ ሥር፣ ከገብስ አገር ነው የሚወርዱት፤ በዋዜማው መጥተው እኔ ዘንድ አደሩ። ጠዋት ዳማውን ግላስ አልብሰው፣ ኮርቻውን ጭነው ወጡ። እኔም ሜዳው መሃል ለመሃል፣ ፈረሶቹ በሚያልፉበት ጥግ ቦታ ያዝሁ። ጉግስ ማለት አንዱ ጋሻውን ጀርባው ላይ አድርጎ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርረዋል፣ ሲደርስበት ይወረውርበታል። የአባዬ አባራሪ አበልጃቸው ናቸው፣ የታላቅ ወንድሜ ክርስትና አባት። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንዱ ሌላውን ሲያባርር የኖሩ ናቸው።

መጡ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ልቤም አብሮ። ካሜራዬን ዓይኔ ላይ ደግኜ "አሁን፣ አሁን" ስል፣ አባዬ አዩኝ። ልጓሙን ሳቡት። ፈረሱ በኋላ እግሩ ተንሸራቶ ከፊቴ ቀጥ አለ። በርኖሳቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ትክ ብለው አዩኝ። አበልጃቸው ከኋላ ደርሰው ዘንጉን ትከሻቸው ላይ አሳረፉት። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

"አባዬ! ምነው ቆሙ?"

"እያነሳሽኝ አይደል እንዴ?"

"እኔ እኮ ሲጋልቡ ነው የፈለግሁት!"

"ታዲያ ሳልቆም እንዴት አርገሽ ታነሽኛለሽ?" አሉና ትከሻቸውን እያሹ ሄዱ።

በዓመቱ አስቀድሜ ነገርኋቸው። "አባዬ፣ በሞቴ፣ እኔን ሲያዩ እንዳላዩ ሆነው ይለፉ።" እሽ አሉ። መጡ፣ አዩኝ፣ ቆሙ። "ይለፉ! ኧረ ይለፉ!" እያልሁ እግሬን መሬት ላይ ስመታ፣ ከኮርቻቸው ላይ ዝቅ ብለው አዩኝና፣ "ምነው ልጀ፣ ይለፉ ይለፉ ትይኛለሽ? ለማለፉ ምን ያስቸኩለኛል!" አሉኝ። አጠገቤ የነበሩ ባልቴቶች "ቸር ይለፉ፣ ዕድሜ ይስጥዎ" ብለው ተሳለቁብኝ። እኔም ተናድጄ ሳልጨርስ ሳቄ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ያላደረግሁት የለም። አንድ ዓመት ባሕር ዛፍ ተከልዬ ጠበቅኋቸው። ሜዳው ጋ ሲደርሱ ፈረሳቸውን ገታ አድርገው ሕዝቡን በዓይናቸው ሲያስሱ አየሁ፤ ዛፉ ሥር አገኙኝና መጥተው ቆሙ። "ተደብቀሽ የት ልትደርሽ!" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። አበልጃቸው እንደ ለመዱት ከኋላ ትከሻቸው ላይ ዘንግ። በሌላው ዓመት ደግሞ "አይቁሙ!" እያልሁ ስጮህ ሕዝቡ ተቀበለኝ፤ ሜዳው ሙሉ "አይቁሙ! አይቁሙ!" ሆነ። ለሰዉ የበዓሉ አንድ ጨዋታ ሆኖለት ነበር። አባዬ በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል ፈረሳቸውን አቁመው በርኖሳቸውን አስተካከሉ።

የሚያቃጥለው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ከደቡብ የመጣ ወጣት አለ፤ እንደ እኔ በዓል በዓል ካሜራ ይዞ የሚዞር። ሱቄ እየመጣ ፎቶ እንተያያለን። በአንደኛው መርቆሬዎስ ማግስት መጣና "አንድ የሚገርም ሽማግሌ አንስቼልሻለሁ" ብሎ የካሜራውን መስታወት ወደ እኔ አዞረው። አባዬ ናቸው። ዳማው አራት እግሩ ከመሬት ለቋል። በርኖሱ ወደ ኋላ ተገልብጧል። አባዬ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸው እሳት ሆኖ፣ ጅዳ የጠፋብኝ ፊት፣ እሱ ራሱ።

"ስንት ጊዜ ሞክረህ ነው?" አልሁት።

"ኧረ አንዴ ነው። ከሜዳው መግቢያ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሲያልፉ አነሳኋቸው።"

ምስጋና ቢጤ ተናግሬ ሸኘሁትና ሱቁን ዘግቼ ቁጭ አልሁ። ለማያውቁት ሰው እየጋለቡ ያልፋሉ፣ እኔ፣ የወለዱኝ ልጅ፣ ስለምናቸው፣ ስጮህ፣ እልህ ይዟቸው ይቆማሉ! ፎቶውን አሳጥቤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉና ሥር ወጣሁ።

"አባዬ፣ ለዚህ ሰውዬ ስለምን አልቆሙም?"

"ለማን?"

"ይችን ላነሳው! ከፊት ለፊትዎ እኮ ነው የቆመ።"

"ይሆናል። አላየሁትም።" ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ብዙ አዩት። እኔ የሚሉትን እጠብቃለሁ። "ይሄ ፈረስ ከስቷል፤ ገብስ ልጨምርለት" አሉና መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ መርቆሬዎስ አልመጣም፤ ለእሳቸው ማለቴ ነው። በክረምቱ ብርዱ ደረታቸው ገባ። ወደ ከተማ አውርደን ሆስፒታል አስተኛናቸው፤ ተሻላቸው ብለን መለስናቸው። አንድ ጠዋት ወንድሜ ደወለ። ድምፁን ስሰማ የቀረውን ሳይነግረኝ አወቅሁት።

ለቅሶው ላይ፣ እንደ ወጉ፣ ዳማውን በግላስ አስጊጠው፣ ጋሻቸውን ኮርቻው ላይ አስረው፣ በለቀስተኛው መሃል አዞሩት። ባዶ ኮርቻ ማየት እንዴት ክፉ ነው! ወንድሜ የአስተማሪውን ፎቶ አስተልቆ ድንኳኑ በር ላይ ሰቅሎት ነበር። ሰው እያየው "ወይ ፈረሰኛ!" ብሎ ያለቅሳል። እኔም ምሬቴን መደበቅ አቅቶኝ ፊቴን አዙሬ ተቀምጫለሁ።

የአባዬ አበልጅ መጡ። በምርኩዝ ነው የሚሄዱት አሁን። ፎቶውን አዩት፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ይሄን ያነሳሽው አንች ነሽ?" አሉኝ።

"አይደለሁም፣ ጋሼ። አንድ አስተማሪ ነው። ለእኔማ መች አልፈውልኝ ያውቃሉ! ስለምናቸው እልህ ይዟቸው ይቆሙብኛል።"

"እልህ አልሽው?" አሉ፣ ምርኩዛቸውን አጋድመው። "እኔ እኮ በየዓመቱ ጠይቄዋለሁ። 'ምን ነካህ፣ ልጅቱ አትቁም እያለችህ፣ እኔም ከኋላህ ዘንግ ይዤ እያባረርሁህ፣ እንዴት ትቆማለህ' እለዋለሁ። 'ያን ሁሉ ዓመት ዓይኗን ሳላይ ቆይቼ፣ አሁን ከፊቴ ቆማ እያየኋት በምን አንጀቴ ጥያት ልለፍ' ይለኛል። 'ፎቶውስ?' ስለው፣ 'ፎቶው የሷ ነገር ነው፣ እኔ እሷን ልይበት' ይለኛል።"

ፊቴን ወደ ፎቶው አዙሬ ጮኼ አለቀስሁ። ሴቶቹ ከበው ደገፉኝ፤ ለቅሶው ገና አሁን የገባኝ መስሏቸው ነበር፣ እውነታቸውን ነው።

የአስተማሪው ፎቶ አሁን እኔ ጋ አለ። ጅዳ ሳለሁ ፊታቸው ሲጠፋብኝ እንዲህ ያለ ፎቶ ባገኝ ነፍሴን እሰጥ ነበር። አሁን ግን እጄ የሚሄደው ወደ ቆሙት ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ዘርግቼ ዓይናቸውን አያለሁ። ናፍቀውኛል። ዓረብ አገር ሆኜ ስናፍቅ ናፍቆቴ መመለሻ ነበረው፤ ትኬት ይቆረጥለታል፣ የአሁኑን ምን አደርገዋለሁ?

በዚህ ዓመት ለመርቆሬዎስ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። ላልወጣ ነበር፣ ቤት መቀመጡ ባሰብኝ። ያው የለመድሁት ቦታ ቆምሁ። ፈረሶቹ መጡ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ካሜራዬን ደገንሁ። ዛሬ ዛሬ ሰዉ ስልክ ለምዷል፣ ካሜራ አይቶ የሚቆም የለም። ሽምጥ የሚጋልብ፣ ዘንግ የሚወረውር፣ ጋሻው ላይ የሚያነጥር፣ ሁሉንም አነሳሁ። ጥርት ያሉ፣ ያማሩ ፎቶዎች ናቸው፤ ቆይቼ ሳያቸው እኔ ራሴ ተገርሜያለሁ።

አባዬ ይቆሙባት ወደ ነበረችው ቦታ ሁለት ሦስት እርምጃ ጠጋ ብዬ ነበር መሰለኝ። አንድ ወጣት ፈረሰኛ እየጋለበ መጣብኝ። ካሜራውን ዓይኔ ላይ እንዳደረግሁ አልተንቀሳቀስሁም።

"ኧረ ዞር በይ፣ እትዬ!" ብሎ ጮኸ።

ዞር አልሁለት፤ ሽው ብሎ ሄደ።