የአዲስ ቢላዋ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ለዘመድ ጥየቃ ከሚሴ ሄጄ፣ የአጎቴ ልጅ የተጋጨ ባጃጅ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ አጠገቡ ቆምኩ። ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። «ምነው፣ በረደሽ እንዴ?» ይለኛል፣ በከሚሴ ሙቀት! የብረቱ ብናኝ ከላምባ ጋር ሲሸተኝ አያ እንድሪስ ከነቁጣው ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አያ እንድሪስ ልጅ ሳለሁ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ነበር። ሥራው አዲስ ቢላዋ ማለስለስ ነው። ስለቱን አይደለም፣ ጀርባውንና የእጀታውን ጠርዝ። ያን ጊዜ ቢላዋ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ ሰንበቴ ገበያ ይሸጥ ነበር፤ አዲስ ሲሆን ጀርባውም እንደ ስለቱ ይቆርጣል። እሱ መጀመሪያ በሞረድ ጠርዙን ይሰብራል፤ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ቁራጭ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ ላምባ ጠብ እያደረገ ይፍቃል። ከጎኑ ባትሪው የደከመ ቴፕ መንዙማውን ይጎትታል። ሲጨርስ «ኢንታላ፣ ኮቱ!» ይለኛል፣ ልጅት ነይ ማለቱ ነው። የቢላዋውን ጀርባ ጉንጬ ላይ ቀስ አድርጎ ያስኬደዋል። ፊቴ ቅጭም ካለ ሥራው አላለቀም። እናቴ ይህን ያየች ቀን ዘነዘና ይዛ ነው የወጣችበት!

ቁጡ ነበር፤ ቁጡ ስል ዝም ብዬ አይደለም። «ጀርባውን ተወው፣ ስለቱን ብቻ አውጣልኝ» ያለውን አንድ ገበሬ፣ ቢላዋውን ከጆሮው አጠገብ በሩ ላይ ወርውሮ ሰክቶበታል። «ስለት ማንም ያወጣል! ስታርድ ጣትህን የምታሳርፈው ጀርባው ላይ ነው። እሱ ከነከሰህ እጅህ ይደነግጣል፤ እጅህ ከደነገጠ ከብቱ በግማሽ አንገት ይነሳብሃል!» ይላል፣ ምራቁን እየረጨ። እኛ ዘንድ ከብት ሲታረድ ቢላዋው ሳይነሳ በአንድ ጊዜ ማለቅ አለበት፤ ይህን የማያውቅ የለም።

አባቴም ያውቃል። ግን ያን ዓመት ሁለቱ በጣራ ውሃ ተጣልተዋል። የእኛ ጣራ ውሃ የእሱን ግድግዳ ይበላል፤ እሱ አሸንዳችንን በድንጋይ ሰባበረ፣ አባቴ በሩን በዱላ ደበደበ፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምታም የለ። አረፋ ሲደርስ አባቴ ከሰንበቴ አዲስ ቢላዋ ይዞ መጣ። እናቴ «ለእንድሪስ ልላክለት?» ብትለው፣ «እሱ ደጅ ከምቆም ሞቴ ይሻለኛል!» አላት። ምነው ምላሱን በቆረጠው!

ከሶላት መልስ ለሰባት ቤት የተገዛው ሰንጋ ግቢያችን ውስጥ ተጥሎ ታሰረ። አባቴ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር!» ብሎ ጣቱን በጀርባው ላይ ተጭኖ ሳበ። ወዲያው የጮኸው ራሱ አባቴ ነው። ጀርባው ሌባ ጣቱን እስከ አጥንቱ ቆርጦት ቢላዋውን ለቀቀው። ሰንጋው ገመዱን በጥሶ ተነሳ። ደሙ ከአንገቱ እየተፈናጠረ፣ ጉሮሮው እያፏጨ፣ አንዱን ሰው ረግጦ አለፈና አባቴን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ጎድኑ ሲሰበር ሰማሁ። ሰዉ ብትንትን አለ። እኔ «አባቴ! አባቴ!» እያልኩ ጮህኩ።

አያ እንድሪስ አጥሩን ዘሎ ገባ። በግራ እጁ ቀንዱን እይዛለሁ ሲል ጫፉ መዳፉን በስቶ ወጣ። አልለቀቀም። እንደተሰካ አንገቱን ጠምዝዞ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ፣ በራሱ ቢላዋ አባቴ የጀመረውን ጨረሰው።

ሰንጋው እንደወደቀ እጁን ከቀንዱ ላይ መንጭቆ አወጣና በዚያው በተበሳው እጁ አባቴን በጥፊ አጮለው። «ተጣላን ማለት ልጆችህን የቲም፣ አባት አልባ አድርግ ማለት ነው? አንተ ድንጋይ!» አለና እዚያው ደም ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ሥጋው ይበላል፣ አይበላም ብለው መከራከር ሲጀምሩ እናቴ «ለውሻ ስጡት!» ብላ ጮኸችባቸው።

አባቴ ተረፈ። የአያ እንድሪስ ግራ እጅ ጣቶች ግን ተኮራምተው ቀሩ፤ በአንድ እጅ ደግሞ ቢላዋ አይፋቅም። አባቴ አሸንዳውን ወደ እኛ በኩል አዞረው፣ እህልም ይልክለት ነበር። ይቅርታ የምትባለዋ ግን ከአፉ አልወጣችም። ሁለቱም በየበራቸው ተቀምጠው ስንት ክረምት አለፈ! እስካሁን ያናድደኛል።

አያ እንድሪስ የሞተ ቀን አባቴ «ገላውን የማጥበው እኔ ነኝ» ብሎ ሌላ ሰው አላስጠጋም። ተመልሶ ሲመጣ እጅጌው እስከ ክርኑ ረጥቧል። ከጎኔ ተቀመጠ።

«ጣቶቹን ልዘረጋ ብል እምቢ አሉኝ» አለኝ። «ያን መዳፍ ይዤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ለሬሳ!»