ያሰርኳቸው ሰዎች ለፔኒሲሊን አደረሱኝ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ካልተናገርኩ ይህ ክንዴ ራሱ ይከሰኛል። ሃሌሉያ!

በደርግ ጊዜ ከደብረ ታቦር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር የገበሬ ማኅበር ዘበኛ ነበርኩ። ጴንጤ ሲባል ደሜ ይፈላ ነበር። ሸማኔው ጌጡ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ አግኝቼ ጌጡን ጨምሮ አምስቱንም ጠፍሬ አሳሰርኳቸው። ሚስቴ የሺ ስታለቅስላቸው፣ «ዝም በይ!» አልኳት።

ከተፈቱ በኋላ አንድ ቀን የጎረቤቴ በሬ ቀንበር ላይ እያለ ወደቀ። ሥጋው እንዳይባክን ብለን ቶሎ አረድነው፤ ቆዳውን የገፈፍኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ክንዴ ላይ ትንሽ ብጉር ወጣች። አታምም! መካከሏ ግን እንደ ከሰል ጠቆረ፣ ክንዴ እስከ ትከሻዬ አበጠ፣ ትኩሳቱ አቃዠኝ። የማኅበሩ ጓዶቼ በበር ብቅ ብለው አዩኝና፣ «ይጋባል» ብለው ተመለሱ።

የሺ ማን ጋ ሄደች መሰላችሁ? ጌጡ ጋ! ያሰርኳቸው ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ በቃሬዛ ተሸክመው ደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ አደረሱኝ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው፣ ክንዴን ገልጦ አየና፣ «የታመመ ከብት ገፍፈህ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«አባ ሰንጋ ነው፤ ከበሬው ነው የተጋባብህ። ሁለት ቀን ብትቆይ ኖሮ የሚሸከሙህ ለቀብር ነበር። አይዞህ፣ ፔኒሲሊን አለን። ቁስሉን ማንም እንዳይቆርጠው፣ እንዳይተኩሰው። ከበሬው ጋር የተነካካም ሁሉ ይምጣ።»

ጌጡ፣ «እንጸልይለት?» አለው።

ድሬሰሩ መርፌውን እየሞላ፣ «እኔ በእግዜር አላምንም። ግን ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ፤ የካድሬው ቢሮ ቅርብ ነው» አለ።

ክብር ለስሙ! አንዱ መርፌ ሲወጋኝ ሌላው እጁን ግንባሬ ላይ ጫነ።

የጌጡን ዓይን ማየት አቃተኝ። «ጌጡ፣ ያሰርኩህ እኮ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ፤ ገመዱንም ያጠበቅኸው አንተ ነህ። ቀና በል፣ ውኃ ጠጣ» አለኝ።

እዚያው አልጋ ላይ ተሸነፍኩ! «የእነዚህ ሰዎች ጌታ ሆይ፣ የእኔም ሁን» አልኩ።

መርፌው በየቀኑ ቀጠለ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ጥቁሩም ቅርፊት ከሳምንታት በኋላ ረገፈ። ከሥጋው የበሉትም ጤና ጣቢያ ታይተው አንድም ሰው አልሞተም። ሃሌሉያ በሉ እንጂ! ድሬሰሩ ሲያሰናብተኝ፣ «ያዳነህ መድኃኒቱ ነው» አለኝ። «መድኃኒቱንስ፣ አንተንስ፣ ተሸካሚዎቼንስ ማን አዘጋጀልኝ?» አልኩት። ሳቀ።

መንደር ስመለስ ጠመንጃዬን ለማኅበሩ አስረክቤ፣ «እኔም ጴንጤ ነኝ» አልኩ። አሰሩኝ፤ እየዘመርኩ ወጣሁ!

ዛሬ የታመማችሁ ካላችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ መርፌውንም ሳታቋርጡ ጨርሱ። ነፍሳችሁንም ለኢየሱስ ስጡ። አሳዳጁን እኔን ያልናቀ ጌታ እናንተን አይጥልም! አሜን።