እትዬ የለበሰችው ሐሳብ

የፀጉር ሰሪዋን አፍ የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። ምላስ እንዳይመስላችሁ፣ ምላጭ ነው። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ቁጭ ካለችበት ጀምሮ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ትከራከራታለች። ቀጥኛለሁ ካለቻት «የት ነው የቀጠንሽው?»፣ ወፍሬያለሁ ካለቻት «ማነው ይህን ያለሽ?»። ሰው ፀጉሩን ሊሠራ መጥቶ ተሸንፎ ይሄዳል። ግን እጇ ወርቅ ነው፣ ምን ይደረጋል፣ ተመልሶ ይመጣል።

ታናሽ እህቷ ፀጉር አጣቢ ነበረች፤ ዝምተኛ፣ እጇ ከውሃ የማይወጣ። ታላቋን «እትዬ» ትላታለች፣ ታላቋ ደግሞ «ሚጣ»። ከፊት ፀጉር ቤቱ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ክፍል ከሁለት አልጋ ጋር። እናታቸው ትታላቸው የሄደችው ይህንኑ ነው። ሚጣ ከዚህ ወጥታ የምትገባበት አልነበራትም።

የስልክ ላይ የክርክር ግሩፕ ያመጣችባቸው አንዷ ደንበኛቸው፣ ፋርማሲስቷ ናት። ፀጉሯን በቢጉዲን እየተጠቀለለች፣ «እኛን ምስኪኖቹን ከምትፈጂን እዚህ ግቢና ከእኩዮችሽ ጋር ተናከሺ» ብላ ስልኳ ላይ ጫነችላት። ድምፅ እየቀዱ የሚከራከሩበት ነው። እውነተኛ ስሙን የሚናገር የለም፤ እትዬ «መቀስ» ተባለች። ቋንቋም አላቸው የራሳቸው። አዲስ የገባ «ጥሬ» ይባላል። የተረታ «በስያለሁ» ይላል። ጥሬ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ «ይለብሳል»፤ አልባሹ የሚሉት ሰውዬ የማያምንበትን ሐሳብ ይሰጠዋል፣ እሱም የራሱ አስመስሎ ይከራከርለታል። ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው አንድ ሳይቀር «በስያለሁ» ሲል፣ ያኔ አልባሹ «አውልቅ» ይለዋል።

«ምን እንዳለበሱኝ ታውቂያለሽ?» አለች እትዬ ያን ዕለት እራት ላይ። «ታናሽ እህት ከቤት መውጣት አለባት የሚለውን።»

«ታዲያ ልታስወጪኝ ነው?»

«አንቺን አስወጥቼ ማን ሊያጥብ? የኔ እጅ እንዲሻክር?»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ፀጉር ቤቱ ጭር አለ። እትዬ ከደንበኛ ጋር መከራከር ተወች። ፋርማሲስቷ ሆን ብላ ልትነካካት «ይሄ ቀለም አስጠላኝ፣ አታውቂበትም» ብትላት፣ «እውነትሽን ነው» አለቻት። ፋርማሲስቷ በመስተዋቱ ውስጥ ሚጣን አየቻት፣ ሚጣም እሷን። ደንበኛ ሲያልቅ እትዬ መጋረጃውን ገልጣ ትገባና ለስልኳ ታወራለታለች፤ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታባብል።

ሚጣ አላስቻላትም። ፋርማሲስቷን ለምና እሷም ገባች፤ ስሟን «ፎጣ» አለች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጥሬዋ» አለ አልባሹ። «መቀስ እስክታወልቅ ቁጭ ብለሽ ስሚ።»

ድምፁ ደግ ነው፣ የአጎት ድምፅ። ከጀርባው ግን ምንም የለም። መኪና የለ፣ ልጅ የለ፣ ትንፋሽ እንኳ የለ።

ሰማች። መጀመሪያ በመጋረጃው በኩል፣ ቀጥሎ በስልኳ። «እህቴ በእንቅልፏ ታወራለች» ትላለች እትዬ። «እናታችን የሞተች ቀን እሷ ተኝታ ነበር። እናታችን ውሃ ስትለምን የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።» እውነት ነው፤ እሷና እትዬ ለሰው ተንፍሰውት አያውቁም። ስልኩ ላይ ግን መጨረሻው ላይ አንዲት ትንሽ ሳቅ አለች። ከመጋረጃው ጀርባ ማንም አልሳቀም ነበር። ሚጣ ደግማ ከፈተችው። ሳቋ አለች።

አንዱ «በስያለሁ» አለ። ሌላዋም። ሁሉም ተራ በተራ በሰሉና ፎጣ ብቻ ቀረች።

እትዬ ቀን ቀን ያችው እትዬ ናት። «ሚጣዬ፣ እጅሽ ተሰነጣጠቀ እኮ፣ ነይ ቅባት ልቀባሽ» ብላ ጣት በጣት ታሻታለች። ሲመሽ ደግሞ በዚያው ድምፅ፣ «ፎጣ፣ ምን ብልሽ ታምኛለሽ?» እያለች የሚጣን ገመና ለሚጣ ትዘረዝርላታለች።

አንድ ቀን ሚጣ ቅባቱን እየተቀባች፣ «እትዬ፣ ይሄን ነገር ብትተዪውስ?» አለቻት።

«ሳያወልቁኝ እንዴት አድርጌ? አንዲት ግትር ጥሬ ይዛኝ ነው እንጂ።» ዓይኗ ስር ጠቁሯል። «እሷ በስያለሁ ብትል ወዲያው ወደ ራሴ እመለስ ነበር።»

«ትመለሻለሽ?»

«እንዴታ።»

ሚጣ ሌሊቱን... እንቅልፍ አልወሰዳትም ብትባሉ አትመኑ፣ ተኝታ ነው ያደረችው፤ በእንቅልፏም ስታወራ ነበር። ነገሩን ያሰበችው በማግስቱ፣ የፋርማሲስቷን ጭንቅላት ስታጥብ ነው። በስያለሁ ማለት በገዛ አፏ መውጣት አለብኝ ማለት ነው። ካላለች ደግሞ እትዬን አጣቻት። አረፋውን እያሸች፣ ምን አለበት፣ ቃል ነው፣ የጨዋታ ቃል፣ አለች ለራሷ።

«አንቺ፣ ውሃው በረደብኝ» አለች ፋርማሲስቷ።

ሚጣ በእርጥብ ጣቷ ስልኳ ላይ ጻፈችው፤ «በስያለሁ»።

ወዲያው አልባሹ፣ «አውልቂ፣ መቀስ» አለ።

ሚጣ መጋረጃው ላይ አፈጠጠች። የእትዬ ድምፅ ከጀርባው ረጋ ብሎ መጣ።

«ምኑን?»

 

መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ የሚጣን ልብስ አጣጥፋ፣ ቦርሳ ውስጥ ከትታ ይዛ ወጣች። ፊቷ እንዲህ ካማረ ስንት ጊዜው። «ሹራብሽን ከላይ አድርጌልሻለሁ፣ ውጭው ይበርዳል» አለች።

«ቀልድ ነው አይደል?» አለች ፋርማሲስቷ፣ አረፋው በጆሮዋ እየወረደ።

«እትዬ፣ ፎጣ እኮ እኔ ነኝ» አለች ሚጣ። «እንድትመለሺልኝ ብዬ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ። ከገባሽ ጀምሮ አውቃለሁ፣ በመጋረጃው በኩል ስትተነፍሺ እሰማሽ ነበር።» ጠጋ ብላ የሚጣን ኮሌታ አስተካከለችላት፣ የእናታቸው እጅ ያስተካክለው እንደነበረው። «ታዲያ በስያለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ማን አስገደደሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

ሚጣ እርጥብ እጇን በፎጣ ጠረገች። ቦርሳውን ተቀበለቻት።